የአቶ ወልደሥላሴ ረጅም ጸሎት

«አይሆንም» ማለት የማይወድ ባል በየከተማው አለ። አይቆጣም፣ አይሳደብም፣ እጁን አያነሳም። ሚስቱ አንድ ነገር ስትጠይቀው ዓይኑን ወደ ጣሪያው ቀና ያደርግና በለሰለሰ ድምፅ «በጸሎት እናስበው» ይላል። ነገሩ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሞቷል፤ የቀረው ቀብሩ ብቻ ነው። በሌላው አገር እንዲህ ዓይነቱ ሰው በየሰፈሩ አንዳንድ ይገኝ ይሆናል። ጋምቤላ ግን፣ ክልሉ ገና በስሙ መጠራት ሳይለምድ በቁጥር ይጠራ በነበረባቸው ዓመታት፣ የሁሉም አለቃ የሚሆን አንድ ሰው ነበራት፤ የመስኖ ባለሙያው አቶ ወልደሥላሴ። ባለቤታቸው የትናየት በልቧ «ሊቀ ጸሎት» ትላቸው ነበር። በአፏ ግን «ወልዴ» ነው የምትላቸው። ከዚያ ሌላ በአፏ የምትለው ነገር ቢኖር «እሺ» ብቻ ነበር።

አቶ ወልደሥላሴ ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከእግራቸው ቡትስ ጫማ ከራሳቸው የሣር ባርኔጣ የማይለይ ሰው ነበሩ። ከደጋ የወረዱት ለአንድ ዓመት ብለው ነው፤ ከዚያ የአልዌሮን ግድብ አዩና ቀሩ። ስለ ግድቡ ሲያወሩ ሰው ስለ በኩር ልጁ የሚያወራ ይመስል ነበር፤ ውሃው የት እንደደረሰ፣ ቦዩ የት ላይ እንዳስቸገረ፣ ሩዙ እንዴት እንዳማረበት። እሑድ ነጠላቸውን አጣፍተው ከቅዳሴ ሲወጡ ደግሞ ሌላው ሥራቸው ይጀምራል፤ ባልና ሚስት ማስታረቅ። በከተማው የተጣላ ሁሉ በእሳቸው ግቢ፣ በማንጎው ዛፍ ሥር ሳያልፍ አይፋታም ነበር ማለት ይቻላል። ግራ ቀኙን በትዕግሥት ይሰማሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ወደ ሴቲቱ ይዞሩና «ቃሉ ግልጽ ነው ልጄ፤ ተገዢ» ይላሉ። ወንዱን ደግሞ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «አንተም ቻላት» ይሉታል። መገዛት ለሴት፣ መቻል ለወንድ፤ በማንጎው ሥር የሚታደለው እንዲህ ተከፋፍሎ ነበር።

በራሳቸው ቤት ግን «ተገዢ» ማለት አስፈልጓቸው አያውቅም። ጸሎት ነበራቸው።

አንድ የበጋ ወቅት የትናየት ቬንቲሌተር አማራት። የጋምቤላን የመጋቢት ሙቀት ያየ ሰው ምኞቷን ቅንጦት አይለውም፤ ግድግዳው ራሱ ያልበው ነበር። ጎረቤቷ ፈይዛ ከባሏ ጋር የምትሠራበት ሱቅ ውስጥ አንድ ሸጋ ቬንቲሌተር ነበርና ለየትናየት ብላ ደብቃ አስቀመጠችላት። አቶ ወልደሥላሴ በጸሎት አሰቡበት። መጋቢት አለፈ፣ ሚያዝያም አለፈ፤ እሳቸው ያስባሉ። ዝናቡ ጀምሮ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል «አየሽ፣ ሳያስፈልገን ቀረ» አሉ። ፈይዛ ዕቃውን ለሌላ ሰው እየጠቀለለች «የእኛም ሶላት በቀን አምስት ጊዜ ነው እቱ፤ ግን ያልቃል» አለቻት።

ሌላ ጊዜ ከባሮ ወንዝ ዳር ያለውን ቤት ለቀው ከፍ ወዳለው ሰፈር እንዲገቡ ለመነቻቸው። ይህንንም አሰቡበት። እያሰቡበት ክረምት ገባ፤ ወንዙ ሞልቶ ሳያንኳኳ ቤት ገባ፤ የትናየትም ድስቶቿን ከሳሎን ወደ ጓዳ ሲንሳፈፉ እያየች ልጇን አቢጋኤልን አልጋ ላይ አቁማ ቀሚሷን ጨመቀች። አቶ ወልደሥላሴ ከጉልበታቸው በላይ በደረሰ ውሃ ውስጥ ቆመው «ፈቃዱ ተገለጠ» አሉ። በሳምንቱ ቤት ቀየሩ።

የሚደንቀው የራሳቸው ፍላጎት የሆነ እንደሆነ ነው። አዲሱ ራዲዮ በዓይናቸው በገባ ዕለት ፈቃዱ ወዲያው ተገልጧል። ሳይነግሯት እንግዳ ይዘው ሲመጡ፣ እንግዳው የእግዚአብሔር መልእክተኛ ነው። የእሳቸው ልመና ሳይዘገይ ይደርሳል፤ የእሷ ግን መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ይቀራል።

የትናየትም ብትሆን ዝም ብላ የምትበደል የዋህ አልነበረችም። «እሺ» የምትለው ቃል እንደ ቢላ ስለት ነበራት። አንድ ጊዜ አቶ ወልደሥላሴ ጨጓራቸውን አሟቸው «ጨው ቀንሺ» አሏት። «እሺ» አለች፤ ሁዳዴን በሙሉ አንዲት ቅንጣት ጨው ሳትነካ አበላቻቸው። «ዕቃዬን አትንኪብኝ» አሏት። «እሺ» አለች፤ የካኪ ሸሚዛቸው አንገቱ ጠቁሮ ራሱን ችሎ እስኪቆም ድረስ አልነካችውም። ካህናቱ ለወጣት ሙሽሮች ምሳሌ ያደርጓት ነበር። «እንደ የትናየት ሁኑ፤ ከአፏ እሺ እንጂ ሌላ አይወጣም» ይላሉ። እሷ ሲያመሰግኗት አንገቷን ትደፋለች። «እሺ» ስትል የሚደፋው አንገቷ ብቻ እንደሆነ፣ ልቧ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰውየውን ቁልቁል እንደሚያይ ታውቃለች። ይህንን የሚያውቅ አንድ ሌላም እንዳለ፣ እሱም በየእሑዱ የምትሰግድለት አምላክ እንደሆነ ትዝ ሲላት ግን ቶሎ ሌላ ሥራ ትጀምራለች።

እንዲህ እያሉ የጂማው ነገር መጣ።

ክልሉ ሁሉ ነገር የሚያንሰው ጊዜ ነበር። ቢሮ ይከፈታል፣ ጠረጴዛ የለም፤ ጤና ጣቢያ ይመረቃል፣ አዋላጅ የለም። የትናየት ጤና ረዳት ነበረች። ምጥ የጠናባቸው ሴቶች ከማታር ወገን በጀልባ፣ ከየመንደሩ በቃሬዛ ይመጡና እጇ ላይ ይወድቃሉ። የምትችለውን ታደርጋለች፤ ከአቅሟ በላይ የሆነውን ደግሞ በተገኘው መኪና ወደ ደጋው ሆስፒታል ትልካለች። መኪናው አቧራውን እያስነሳ ሲሄድ ቆማ ታየዋለች። ከነዚያ ሴቶች አንዳንዶቹ ከነልጃቸው ተመልሰው መጥተው ስመዋታል። አንዳንዶቹ አልተመለሱም።

ስለዚህ ለአዋላጅ ነርስነት ጂማ ሄዶ የሚማር አንድ ሰው ተጠይቆ አለቃዋ «ያንቺን ስም ነው የማስተላልፈው» ሲላት፣ ከጤና ጣቢያው ቤቷ ድረስ እንዴት እንደደረሰች አታስታውስም። አቶ ወልደሥላሴ ራዲዮናቸውን ፈትተው እያጸዱ ነበር።

«ወልዴ፣ ጂማ ልማር ተመረጥኩ!» አለች ገና በሩ ላይ። «አዋላጅ ነርስ ልሆን ነው!»

እጃቸው ራዲዮው ላይ ቆመ። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር አለፈ፤ ፍርሃት ይሁን ቅሬታ በወቅቱ አልለየችውም። ቀስ ብለው ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አነሱ።

«በጸሎት እናስበው፣ የትናየት።»

«እሺ» አለች።

መሥሪያ ቤት «ምን ወሰንሽ?» ሲሏት «ባለቤቴ እየጸለየበት ነው» ትላለች። መጀመሪያ በአክብሮት ዝም አሏት። ከዚያ ፈገግ ማለት ጀመሩ። በመጨረሻ አለቃዋ «እኅቴ፣ መልሱ ከሰማይ እስኪወርድ የጂማ በር ይዘጋል» አለና የሲፈንን ስም አስተላለፈ። ሲፈን በዕድሜም በሥራም ከእሷ የምታንስ ልጅ ነበረች፤ ልትሰናበታት ስትመጣ ዓይኗን ሽሽት መሬት መሬት ታይ ነበር።

የትናየትን ያንገበገባት መቅረቷ ብቻ አልነበረም። አቶ ወልደሥላሴ በየጠዋቱ ወደ ምሥራቅ ዞረው ሲጸልዩ ከጓዳ ሆና ትሰማቸዋለች። የአልዌሮ ውሃ በስም ይጠራል፣ የአገር ሰላም ይጠራል፣ የአቢጋኤል ጤና ይጠራል። ጂማ ግን አንድም ቀን ሲጠራ አልሰማችም። እግዚአብሔርን ምንም ሳይጠይቁት «እግዚአብሔር አልፈቀደውም እንግዲህ» አሏት።

«እሺ» አለች። በጋምቤላ ከተማ ውስጥ የዚያን ቀን ከዚያች «እሺ» የቀዘቀዘ ነገር አልነበረም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቢየል ሚስቱን ይዞ መጣ። ቢየል የማታር ልጅ ነው፣ ኑዌር። ድሮ አቶ ወልደሥላሴ ሥር ሆኖ ሥራ የለመደ ወጣት ነበር። ክልሉ ሲቋቋም የቢሮው ኃላፊ ተደርጎ ተሾመና ተማሪው አለቃ፣ አስተማሪው የበታች ሆኑ። አንዳንድ የአቶ ወልደሥላሴ ባልንጀሮች ለእንዲህ ያለው ነገር ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ደጋ ወጥተዋል። እሳቸው ግን ቀሩ፤ ቢየልም «ጋሼ» ማለቱን አልተወም። አማርኛው አንቱታን አያውቅም፤ ክብሩ በድምፁ ውስጥ ነበር።

«ጋሼ፣ እኔና ኛጉዋ ተጣልተናል» አለ ማንጎው ሥር እንደተቀመጠ። «አንተ የሰው ቤት ታስታርቃለህ። የእኛንም እይ።»

አለቃቸው ለሽምግልና መምጣቱ አቶ ወልደሥላሴን እንዴት እንዳስደሰታቸው የትናየት ከባርኔጣቸው አቀማመጥ አወቀች። ጠቡ እንዲህ ነበር። ልጆች በየቋንቋቸው እንዲማሩ ተወስኖ በኑዌርኛ የሚያስተምሩ ሰዎች ይፈለጋሉ። ኛጉዋ ኢታንግ ሳለች ተምራለች፤ ማታር ሄዳ እንድታስተምር ተጠየቀች። እሷ ልሂድ አለች። ቢየል ደግሞ ሥራው ጋምቤላ ነው፣ ልጃቸው ገና ጡት አልጣለም፣ ወንድሞቹም «ከብት ሰጥተን ያመጣናት ሴት ባሏን ትታ ወዴት ነው የምትሄደው?» እያሉ ያስቸግሩታል። አትሄጂም አላት። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሰላም የለም።

አቶ ወልደሥላሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቃሉ ግልጽ ነው ልጄ» አሉ ወደ ኛጉዋ ዞረው። «ሚስት ለባሏ ትገዛ ነው የሚለው።»

ኛጉዋ አንገቷን ደፋች። በዚህ ጊዜ ወንዱ ደስ ብሎት የሚነሳበት ነበር። ቢየል ግን ግንባሩን ቋጠረ።

«ጋሼ፣ እሱን አውቀዋለሁ። ከእሱ በፊት ያለውስ? እኛ ቤተ ክርስቲያን መጀመሪያ የሚነበበው እሱ ነው። ክርስቶስን ፈርታችሁ አንዱ ለአንዱ ይገዛ ይላል።»

«እሱማ በጠቅላላው ለምእመናን የተባለ ነው» አሉ አቶ ወልደሥላሴ።

«ባልና ሚስት ምእመናን አይደሉም?»

የትናየት ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። ኛጉዋ ግን አየቻት።

«እትዬ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» ስትል ጠየቀቻት።

በማንጎው ሥር ሴት ስትጠየቅ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ለዓመታት የተጠራቀመው ሁሉ የየትናየት ምላስ ላይ መጣ። ጂማ መጣ፣ ሲፈን መጣች፣ አቧራ ውስጥ የጠፉት መኪናዎች መጡ። አቶ ወልደሥላሴም ያዩዋት ነበር። አንዲት እውነተኛ ቃል ብትናገር ለዚያች ወጣት ሴት ትተርፋት ነበር።

«ወልዴ እንዳለው ነው» አለች።

ኛጉዋ በዓይኗ ቆየችባትና ዓይኗን መለሰች። የትናየት ከሠራችው ሁሉ አብልጣ እስከ ዛሬ የምታፍርበት ያችን መልስ ነው።

አቶ ወልደሥላሴ በቢየል ጥያቄ ሳይረኩ ወደ ማንጎው ቅርንጫፎች ቀና አሉ። «እንግዲህ ነገሩ ከባድ ነው፤ በጸሎት እናስበው።»

«እሺ» አለና ቢየል ከወንበሩ ወርዶ ተንበረከከ። ኛጉዋም ልጇን እንዳዘለች አጠገቡ ተንበረከከች።

አቶ ወልደሥላሴ ደነገጡ። «አሁን ማለቴ እንኳ አይደለም…»

«መቼ ነው?» አለ ቢየል ከተንበረከከበት ቀና ብሎ። ጥያቄው ውስጥ ተንኮል አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቀው።

አቶ ወልደሥላሴ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ዙሪያውን አዩ፣ ተንበረከኩ። የትናየትም ተንበረከከች፤ በእሷና በባሏ መካከል ሌላ ሰው ሊንበረከክበት የሚችል ቦታ ነበር። ኛጉዋ በቋንቋዋ ጸለየች፣ ቀጥሎ ቢየል። የትናየት ከክርስቶስ ስም በስተቀር አንድም ቃል አልለየችም። ጸሎቱ ረጅም አልነበረም። ሲያበቃ ግን አልተነሡም። ከዚያ ቢየል ወደ አስታራቂው ሳይሆን ወደ ሚስቱ ዞረ። ጋሼ እንዲገባው ብሎ በአማርኛ ጠየቃት።

«ምን ታሰበሽ?»

«ልጁ ትንሽ ነው» አለች ኛጉዋ። «አንተም ብቻህን ትቸገራለህ። ዘንድሮ ልቅር።»

«እኔ ደግሞ የማታር ልጆች ታሰቡኝ» አለ ቢየል። «ሂጂ። እናቴ እዚያ አለች፤ ልጁን ትይዝልሻለች። ወንድሞቼን እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«እቀራለሁ አልኩህ!»

«ትሄጃለሽ አልኩሽ!»

ጠቡ እንደገና ተነሣ፤ ከመጀመሪያው የበለጠ ጠነከረ። ልዩነቱ አሁን ሁለቱም እየሳቁ መሆናቸው ነበር። ስንት ትዳር ያቀኑት አቶ ወልደሥላሴ እንዲህ ያለ ጠብ አይተው ስለማያውቁ ለየትኛው እንደሚፈርዱ ጠፋቸው። ባልና ሚስቱ ከግቢው ሲወጡም እየተከራከሩ ነበር። በመጨረሻ ልጁ ጡት ሲጥል እንድትሄድ መስማማታቸውን የትናየት በኋላ ሰማች።

እነሱ ከወጡ በኋላ አቶ ወልደሥላሴ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ ቆሙ።

«የትናየት» አሉ። «ያ… የጂማው ነገር። ያኔ ከፍቶሽ ነበር?»

ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች ነበር። አዎ ማለት ትችል ነበር። ሰውየው ባሕርዩ ያልሆነውን፣ ዓይኑን ጣሪያ ላይ ሳይሆን እሷ ላይ አድርጎ ጠይቋታል። እሷ ግን የተሰማት ንዴት ነው። አሁን ነው የሚጠየቀው?

«እሺ ብያለሁ እኮ» አለችና ወደ ቤት ገባች።

ከዚህ በኋላ አቶ ወልደሥላሴ ያደረጉትን ከተማው ብዙ ጊዜ አውርቶታል። ቡትሳቸውን አድርገው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ከነፍሰ ጡሮች መካከል ተራ ይዘው ተቀመጡ። ተራቸው ደርሶ ሲገቡ ለየትናየት አለቃ «ያኔ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። እሷ ፈልጋ ነበር። ስሟን እንደገና ብትይዙልኝ ብዬ ነው የመጣሁት» አሉት። ሰውየው የሚቀጥለው ዙር ስለቀረበ ቦታውን ሊይዝላት ተስማማ። አቶ ወልደሥላሴ ቤት ገብተው ሁሉንም ነገሯት። «ውሳኔው ያንቺ ነው» አሏት። «ያልሽውን እቀበላለሁ።»

ይህንን ቃል ስንት ዓመት ጠብቃዋለች። ሲመጣ ደስታ ልቧን ሞላው፤ ግን ከደስታው ቀድሞ ሌላ ነገር ወጣ። የትናየት ዓይኗን ቀስ ብላ ወደ ቆርቆሮው ጣሪያ አነሣች፣ ድምጿን አለሰለሰች።

«በጸሎት እናስበው» አለች።

ለጥቂት ቀን ልታቀምሳቸው ብቻ ነበር ሐሳቧ። አቶ ወልደሥላሴ ግን ፌዙን አልሰሙም፤ ወይም ሰምተው ዋጡት። «ይሁን» አሉ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ማንጎው ሥር ተንበርክከው ይጸልያሉ፤ የትናየትም ከጓዳ ሆና ትሰማለች። አሁን ጂማ በስሙ ይጠራ ነበር። «አቤቱ፣ እኔ የምፈልገውን አትስማ፤ ለየትናየት የሚሻላትን አሳያት» ሲሉ ትሰማለች። ዛሬስ ልንገረው እያለች ትነሣለች። ደግሞ ሲጠብቁ ማየት፣ ዓይናቸው የእሷን ፊት ተከትሎ ሲዞር ማየት ይጣፍጣታል። እስቲ ይለምነኝ ትላለች። እሳቸው አይለምኑም፤ ጫና እንዳይሆንባት ብለው አፋቸውን ዘግተዋል። እሷ ደግሞ ዝምታቸውን ድሮ በምታውቃቸው ሰው ልክ ተረጎመችው። በልቡ ባልሄድ ይወዳል አለች።

አለቃዋ የመጨረሻውን ቀን ነገራት። በዚያ ቀን ጠዋት «እሄዳለሁ» የሚለውን ቃል አዘጋጅታ፣ ልብሷን ለብሳ፣ በሩ ላይ ቆመች። አንዲት «ሂጂ» ብቻ ነበር የምትፈልገው።

«እግዚአብሔር ይርዳሽ» አሏት አቶ ወልደሥላሴ።

ደሟ ፈላ። ከዚህች ሌላ ቃል ነፈገኝ ብላ፣ ቀኑን ሙሉ የአለቃዋን በር እያየች ሳትገባበት ዋለች። በሩ ተቆለፈ። ቦታው ለሌላ ሰው ሆነ። ማታ ግን ያሸነፈ ሰው ስሜት አልነበራትም።

ጥቂት ቆይቶ ኛጉዋ ልጇን ልታስከትብ ጤና ጣቢያ መጣች። የትናየት መርፌውን እያዘጋጀች ሳለ «እትዬ፣ ጂማ መቼ ነው የምትሄዱት?» ስትል ጠየቀቻት።

«እነማን?»

«አንቺና ጋሼ። ቢየል ነገረኝ። ጋሼ ቢሮ ገብቶ አልዌሮን ለሌላ ሰው ስጥ፣ እኔን ጂማ አካባቢ ሥራ ፈልግልኝ አለው። ሥራ ከጠፋም ሥራዬን እለቃለሁ፣ እሷ ስትማር ልጃችንን እኔ እይዛለሁ አለው። ቢየል እንቢ ብሎት ነበር፤ ጋሼ ለመነው።» ኛጉዋ የየትናየትን ፊት አይታ ደነገጠች። «አልነገረሽም?»

የትናየት ልጁን ከተበች። እንዴት እንደከተበችው አታውቅም። አልዌሮን? ያ ሰው አልዌሮን?

በማግሥቱ ጠዋት፣ ግድቡ ወዳለበት ወደ አቦቦ የሚሄደው የቢሮ መኪና ከመምጣቱ በፊት፣ ቤታቸው ደጃፍ ያለው ደረጃ ላይ ሄዳ አጠገባቸው ቆመች። እዚህ ላይ «አቶ»ውን ብንተወው ይሻላል። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ቡትሱን ያስር የነበረው ወልዴ ነው።

«አልዌሮን ልትተው ነበር?» አለችው።

የጫማ ማሰሪያው በእጁ ላይ ቀረ። «ማን ነገረሽ?»

«አንተ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ እሺ ትይኝ ነበር» አለ። «ደስ ባይልሽም፣ እንዳይከፋኝ ብለሽ፣ እሺ ትይ ነበር። ያንን እሺሽን ፈራሁት የትናየት። እስከ ዛሬ የትኛው እውነተኛ የትኛው ቁጣ እንደሆነ ለይቼው አላውቅም። የሚለይ ነገር አድርጌም አላውቅም።»

አጠገቡ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ብዙው እውነተኛ አልነበረም» አለች። «ካህናቱ ሲያመሰግኑኝ አፍር ነበር። እግዚአብሔርን አከብራለሁ እያልኩ አንተን እቀጣህ ነበር። የአሁኑን ጂማማ ያስቀረሁት እኔው ነኝ፤ አንተን ላሳምምህ ብዬ። መሄድ ፈልጌ ነበር። ሞቼ ነበር ልሄድ።»

«የፊተኛውን ያስቀረሁት እኔ ነኝ» አለ ወልዴ። «ካንቺ ተለይቼ ቤት መዋል ፈራሁ። ፈራሁ ማለት አቅቶኝ እግዚአብሔርን አመካኘሁበት።»

መኪናው መጥቶ ጥሩንባውን ነፋ። ወልዴ በሥራ ዘመኑ ያንን መኪና አንድ ቀን አስጠብቆት የማያውቅ ሰው ነበር። ሾፌሩ ግራ ገብቶት ደግሞ ነፋ። ወልዴ ጎንበስ ብሎ ያሰረውን ቡትስ ፈታው፤ ከእግሩ አውጥቶ ከደረጃው ሥር አኖረው።

«ንገሪኝ» አላት። «ከተጋባንበት ጀምረሽ፣ ያልነገርሽኝን ሁሉ።»

«ሥራህስ?»

«ንገሪኝ አልኩሽ እኮ።»

ነገረችው። ፀሐይዋ ደረጃው ላይ እስክትደርስ ድረስ አወራች፤ አንዳንዱን እያለቀሰች፣ አንዳንዱን እየተቆጣች። አላቋረጣትም፤ ቃሉ ግልጽ ነው አላላትም። አንዳንዴ ብቻ ራሱን ይዞ «ይህንንም አድርጌያለሁ?» ይላል። እሷም «አድርገሃል» ትለዋለች።

በሚቀጥለው ዓመት ከጂማ የመጣ ጥያቄ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በመጣው ጊዜ የዕድሜ ገደብ ነበረው፤ የትናየት አልፎባታል። ጤና ረዳት ሆና ቀረች። ከአቅሟ በላይ የሆኑባት ሴቶች ፊት አሁንም ይመጣባታል። እጄ ላይ ሊኖር የሚገባው እውቀት የቀረው በባሌ ብቻ አይደለም ትላለች፤ ሴቶቹ ግን በሁለታችን መካከል ምንም ጥፋት አልነበረባቸውም ስትል ድምጿ ይሰበራል። ያ ጠዋት ሁለት ክረምት ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ እያለች የምታሰላበት ጊዜ አለ።

ሰው ስለ ባሏ ሲያነሣባት ታዲያ ያንን ሁሉ አትነግረውም። የምትናገረው የአቦቦው መኪና ነው። ጥሩንባውን ለሦስተኛ ጊዜ ነፍቶ፣ ተስፋ ቆርጦ፣ አቧራውን አስነሥቶ ሄደ ትላለች። ወልዴ በባዶ እግሩ ደረጃው ላይ ተቀምጦ እሷን እያየ ነበር፤ ዞር ብሎ እንኳ አላየውም።